ቁጥሩ ወርዷል፣ ምክንያቱ ግን ላይ ቀርቷል

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ማሽን የሚሸጥና የሚጠግን ድርጅት ውስጥ የዘጠኝ ቴክኒሻኖች ቡድን እመራለሁ። ድርጅታችን የአምስት ዓመት ስትራቴጂ አለው። ዋናው ሐሳብ ከገቢያችን ግማሹ ከረጅም ጊዜ የጥገና ውል እንዲገኝ ነው። ወደ እኔ ክፍል የወረደው ግን 14 ኬፒአይ (የሥራ አፈጻጸም መለኪያ) ነው። አብዛኞቹ በየወሩ አረንጓዴ ናቸው፤ ዒላማቸውን ይመታሉ። ውል የሚያድሱ ደንበኞች ቁጥር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ፈቀቅ አላለም። ልጆቹ ‹ይሄ ስትራቴጂ ከኛ ሥራ ጋር ምን አገናኘው?› ይሉኛል። የምመልሰው አጣሁ። በእኔ ደረጃ ምን ማድረግ ይቻላል?»

ጥያቄዎን ደጋግሜ አነበብኩት። ዓይኔን የያዘው መለኪያዎቹ አረንጓዴ ሆነው ውጤቱ አለመንቀሳቀሱ ነው። ብዙ ኃላፊ ይህን ሲያይ «ሠራተኛው ተነሳሽነት የለውም» ወይም «ስትራቴጂው በደንብ አልተዋወቀም» ይላል። ከዚያ ስልጠና ይጠራል፤ ግድግዳው ላይ ፖስተር ይለጠፋል። የእርስዎ ልጆች ግን የተባሉትን ሠርተዋል። የተባለው ተሠርቶ ውጤት ካልመጣ መመርመር ያለበት የተባለው ነገር ነው።

ልጆቹ የጠየቁዎትንም እንደ ማጉረምረም እንዳይቆጥሩባቸው። የአምስት ዓመቱን ዕቅድ የጻፉት ሰዎች ራሳቸው ሊመልሱት የሚገባ ጥያቄ ነው።

በዚህ ሥራ ላይ በቆየሁባቸው ዓመታት ደጋግሜ ያየሁት ስህተት አለ። ድርጅቶች «ስትራቴጂውን ካስኬድ አደረግን» (ከላይ ወደ ታች አወረድን) ሲሉ አብዛኛውን ጊዜ ያወረዱት ቁጥር ነው። ላይ «ገቢ በ20 በመቶ ይደግ» ይባላል። የዘርፍ ኃላፊው ድርሻውን ይዞ ለክፍሎቹ ያካፍላል። ክፍሉ ለቡድን ያካፍላል፤ ቡድኑ ለሰው። ሒሳቡ ይገጥማል፤ ሁሉም ሲደመር 20 ይመጣል። በዚህ ሁሉ መንገድ ግን «ይህ እድገት በምን ይመጣል?» ብሎ የጠየቀ ሰው የለም። ቁጥሩ ደረጃ በደረጃ ይወርዳል፤ ምክንያቱ ላይ ይቀራል። ታች ያለው ሰው እጅ የሚገባው ቁራሽ ቁጥር ብቻ ነው። ከየት እንደተቆረሰ አያውቅም።

መውረድ ያለበት ምክንያቱ ነው። ቁጥር ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ በየደረጃውም የተለየ ቁጥር ይሆናል። ላይ ገንዘብ ሆኖ የሚለካው ነገር ታች ሲደርስ ደቂቃ ሊሆን ይችላል።

ደቂቃ ያልኩት ያለ ነገር አይደለም። ሳውዝዌስት የተባለው የአሜሪካ አየር መንገድ በረራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው። ሐሳቡ አጭር ርቀት በርካሽ ቲኬት ማብረር ነበር። በ1972 ገንዘብ አጠረውና ከነበሩት አራት አውሮፕላኖች አንዱን ሸጠ። የበረራ ፕሮግራሙን ግን መቀነስ አልፈለገም። በሦስት አውሮፕላን የአራቱን ሥራ ለመሥራት ያለው መንገድ አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚቆምበትን ጊዜ ማሳጠር ነው። ስለዚህ አንድ አውሮፕላን በር ላይ ከቆመ በ10 ደቂቃ ውስጥ መልሶ እንዲወጣ ተደረገ። ተሳፋሪ ማውረድ፣ ሻንጣ ማራገፍ፣ ማጽዳት፣ አዲስ ተሳፋሪ መጫን፤ ሁሉም በእነዚያ 10 ደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ሻንጣ የሚያራግፈው ሰው ጋ የደረሰው ቁጥር ምን ዓይነት እንደሆነ ይመልከቱ። «ወጪን በዚህን ያህል በመቶ ቀንስ» ቢባል ምን ያደርገዋል? ወጪው በእሱ እጅ አይደለም። ደቂቃው ግን በእጁ ነው። ሰዓቱን አይቶ ዛሬ እንደተሳካለት ወይም እንዳልተሳካለት ያውቃል፤ የወሩን ሪፖርት አይጠብቅም። ምክንያቱም ለመረዳት ቀላል ነው፤ አውሮፕላን ገንዘብ የሚያመጣው አየር ላይ ሲሆን ነው። ስትራቴጂውና የሻንጣው ሥራ የተገናኙት በዚህች አንዲት ምክንያት ነው።

አሁን ወደ እርስዎ ሥራ እንምጣ። ከላይኛው ግብ ይጀምሩና «ይህ በምን ይመጣል?» እያሉ ይውረዱ። እኔ ከሩቅ ሆኜ ልሞክረው፤ እርስዎ ያርሙታል።

ከገቢው ግማሹ ከጥገና ውል እንዲመጣ ደንበኛው ውሉን ማደስ አለበት። ደንበኛ ውል የሚያድሰው መቼ ነው? ማሽኑ ሳይቆም ሲከርምለት ነው። ቢቆምም ቶሎ ከተነሳና በዚያው ብልሽት ዳግመኛ ካልቆመ አይከፋውም። ዳግመኛ እንዳይቆም ቴክኒሻኑ በመጀመሪያው ጉብኝት ጨርሶ መጠገን አለበት። ለዚያ ደግሞ ትክክለኛው መለዋወጫ መኪናው ላይ መኖር አለበት። መለዋወጫው እንዲኖር ከመውጣቱ በፊት የብልሽቱን ዓይነት መገመት አለበት። ያንን ለመገመት ደንበኛው ሲደውል ስልክ የሚያነሳው ሰው ሞዴሉን፣ ስክሪኑ ላይ የወጣውን የስህተት ኮድ፣ ማሽኑ ከመቆሙ በፊት ምን ይል እንደነበረ መጠየቅ አለበት።

የአምስት ዓመቱ ስትራቴጂ ወርዶ ወርዶ ስልክ ላይ የሚጠየቁ ሦስት ጥያቄዎች ሆነ። ቴክኒሻኑ ማታ መኪናውን ሲያቆም ሳጥኑ ውስጥ የጎደለውን መለዋወጫ መጻፉም የዚያው ስትራቴጂ አካል ሆነ። ልጆቹ «ምን አገናኘው?» ሲሉ የሚፈልጉት መልስ ይህን የመሰለ ነው። ስብሰባ ላይ ሲነግሯቸው ግን ከላይ አይጀምሩ። ከአንድ ጆብ ካርድ፣ ማለትም ለእያንዳንዱ የጥገና ሥራ ከሚሞላው ካርድ፣ ይጀምሩ። ባለፈው ወር ሦስት ጊዜ የተመላለሳችሁበትን አንድ ማሽን ይምረጡና «ይህ ደንበኛ ውሉ ሲያልቅ ያድሳል ወይ?» ብለው ይጠይቁ። መልሱን እነሱ ይነግሩዎታል።

ያ ከላይ የደረደርኩት ሰንሰለት ግን ግምት ነው። እያንዳንዱ ቀለበት «ይህን ብናደርግ ያ ይሆናል ብለን እናምናለን» የሚል ነው። ልንሳሳት እንችላለን። ብዙ ጥሩ ዕቅድ የሚበላሸው ግምቱ ወረቀት ላይ ሲሰፍር እንደ እውነት ስለሚቆጠር ነው።

በራሴ ደርሷል። ከእርስዎ ጋር የሚመሳሰል ሥራ ላይ ካለ ቡድን ጋር እሠራ ነበር። ሰንሰለቱን ከኃላፊዎቹ ጋር ስብሰባ ክፍል ውስጥ ተቀምጠን ሠራነው። «ችግሩ የመለዋወጫ እጥረት ነው» አልን። ሁለት ወር መለዋወጫ ላይ ተረባረብን፤ የመለዋወጫው ቁጥር ተሻሻለ። ተመልሶ የሚመጣው ብልሽት ግን ያው ነበር። በመጨረሻ ከቴክኒሻኖቹ ጋር ቁጭ ብለን ካርዶቹን አንድ በአንድ ስናገላብጥ ብዙው ብልሽት ከአጀማመር የሚመጣ ሆኖ ተገኘ። የደንበኛው ኦፕሬተሮች ማሽኑን ሳያሞቁት በሙሉ ኃይል ያስነሱት ነበር። መፍትሔው ጥገናው ሲያልቅ ለኦፕሬተሩ አሥር ደቂቃ ማሳየት ነበር። ቴክኒሻኖቹ ይህን ከመጀመሪያው ያውቁት ነበር። እኛ አልጠየቅናቸውም። ያ ነገር እስካሁን ይቆጨኛል፤ የሁለት ወር ድካማቸውን ያባከንኩት እኔ ነኝ።

ስለዚህ ከማንኛውም መለኪያ በፊት ይህን ያድርጉ። የቅርብ ጊዜ 100 ጆብ ካርድ ያውጡ። ሁለት ልምድ ያላቸው ቴክኒሻኖች አጠገብዎ ይቀመጡ። በእያንዳንዱ ካርድ ላይ ሁለት ነገር ይመልሱ፤ ይህ ማሽን በ30 ቀን ውስጥ እንደገና ተጠርቶበታል ወይ? ከተጠራስ ለምን? ምክንያቱን በእነሱ ቋንቋ ይጻፉት። የተዘጋጀ የምክንያት ዝርዝር አይስጧቸው፤ ዝርዝር ካዩ ወደ ዝርዝሩ ይጠጋሉ። ሁለት ከሰዓት ይበቃል።

እዚህ ላይ አንድ የጥናት ውጤት ልጥቀስ። ኤድዊን ሎክና ጋሪ ላታም የተባሉ ተመራማሪዎች በግብ አሰጣጥ ላይ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት ሠርተዋል። ሎክ የመጀመሪያውን ዋና ጽሑፉን ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። በስፋት የሚታወቀው ግኝታቸው ግልጽና ፈታኝ ግብ «የተቻላችሁን አድርጉ» ከሚለው የተሻለ ውጤት እንደሚያመጣ ነው። ብዙም የማይነገር ሌላ ግኝት አለ። ሥራው አዲስና ውስብስብ ሲሆን፣ መንገዱ ገና ሳይታወቅ የውጤት ቁጥር መጫን ሊጎዳ ይችላል። ያኔ የሚሻለው የመማር ግብ ነው። ለእርስዎ ቡድን የመጀመሪያው ወር ግብ «ማሽን የሚመለስባቸውን ሦስት ዋና ምክንያቶች መለየት» ቢሆን ይበቃል።

ካርዶቹ ሲያልቁ መነሻ ቁጥር ይኖርዎታል። ለምሳሌ ከ100 ውስጥ 31 ተመልሰዋል እንበል። ከ31ዱ 18ቱ በመለዋወጫ፣ 7ቱ በኦፕሬተር አያያዝ፣ 6ቱ በልዩ ልዩ ምክንያት ነው እንበል። አሁን ዒላማ ማስቀመጥ ይቻላል፤ ዒላማው ከምኞት ሳይሆን ከምክንያቱ ይወጣል። በመለዋወጫ ከመጡት 18ቱ ግማሹን ማስቀረት እንችላለን ብላችሁ ካመናችሁ፣ 9 ይቀንሳል። ዒላማው 22 ነው። አለቃዎ «ለምን 15 አይሆንም?» ቢሉ መልስ አለዎት። «15 እንዲሆን ከመለዋወጫው በተጨማሪ የኦፕሬተር ሥልጠና ያስፈልጋል፤ ለዚያ ይህን ያህል ሰዓት ይፈቀድልን» ይላሉ። ዒላማና አቅም አብረው የሚነሱት እንዲህ ሲሆን ነው። ከላይ ተካፍሎ የመጣ ቁጥር ላይ ግን የምትደራደሩበት ነገር የላችሁም።

ዒላማ ግልጽ፣ የሚለካ፣ ጊዜ ያለው ይሁን የሚባለውን ሁላችንም ሰምተናል፤ አልደግመውም። ትንሽ ልቆይበት የምፈልገው ፍቺው ላይ ነው። «ዳግም ጥሪ» ማለት ምን ማለት ነው? ያው ማሽን በሌላ ብልሽት ቢቆም ይቆጠራል? ደንበኛው በስልክ ተመክሮ ራሱ ቢያስተካክለውስ? ቴክኒሻኑ ራሱ «ነገ መጥቼ እጨርሳለሁ» ብሎ ቢመለስስ? ይህ ካልተጻፈ ዘጠኝ ሰው ዘጠኝ ዓይነት ይቆጥራል። ሦስት ወር ከሠራችሁ በኋላ ቁጥሩን የሚያምነው አይኖርም። ግማሽ ገጽ ይበቃል። ከልጆቹ ጋር ሆነው ይጻፉት፤ አስቸጋሪዎቹን ሁኔታዎች የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ሌላው፣ ከየሳምንቱ ቁጥር ጋር አብራችሁ እንዳትወጡና እንዳትወርዱ። በሳምንት 60 ጥሪ አላችሁ እንበል፤ በመጀመሪያ ጉብኝት የሚያልቀው በአማካይ 70 በመቶ፣ ማለትም 42 ነው እንበል። ምንም ነገር ሳይቀየር፣ እንዲሁ በአጋጣሚ፣ አንዱ ሳምንት 36 ሌላው 48 ሊሆን ይችላል። በመቶኛ ሲነገር ከ60 ወደ 80 ዘለለ ይባላል። ኃላፊው ደስ ብሎት ያመሰግናል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ሲወርድ ይቆጣል። ሁለቱም ምክንያት የላቸውም። ስድስትና ስምንት ሳምንት አብረው ይታዩ፤ መስመሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ሲያዘነብል ያኔ ተለውጧል ይባላል።

አሁን ስለ አንዱ ኬፒአይ ልናገር። ከ14ቱ ውስጥ «በቀን የተዘጋ ሥራ ብዛት» እንዳለ እገምታለሁ፤ በጥገና ክፍል የማይቀር ነውና። አስቡት። አንድ ማሽን ሦስት ጊዜ ተሂዶበት ሦስት ጊዜ ካርድ ከተዘጋ ሦስት ሥራ ተብሎ ይቆጠራል። ሌላው ቴክኒሻን አራት ሰዓት ተቀምጦ ከሥሩ ጠግኖት ከመጣ አንድ ሥራ ነው። በመለኪያው ዓይን የመጀመሪያው ጎበዝ ነው፤ ሁለተኛው ደካማ። ስትራቴጂው የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። እንግዲህ መለኪያዎቹ አረንጓዴ ሆነው ውሉ ያልታደሰበት ምክንያት ምናልባት እዚሁ ነው። አረንጓዴው ራሱ ደንበኛውን እያባረረ ሊሆን ይችላል።

ይህ ነገር ትልልቅ ድርጅቶችንም አዋርዷል። ዌልስ ፋርጎ የተባለው የአሜሪካ ባንክ ስትራቴጂው ከደንበኛ ጋር ጥልቅና ረጅም ግንኙነት መፍጠር ነበር። ጥልቀቱን ለመለካት የተያዘው ነገር አንድ ደንበኛ በባንኩ ስንት ዓይነት አገልግሎት አለው የሚል ነው። ለአንድ ቤተሰብ ስምንት ተብሎ ተፈለገ። ቅርንጫፍ ላይ ያለው ሠራተኛ ጫናው ሲበዛበት ደንበኛው ሳያውቅ ሒሳብ መክፈት ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2016 ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተወሰነ፤ በዚሁ ጉዳይ ወደ 5,300 ሠራተኞች መባረራቸውም ተገለጸ። በ2020 ደግሞ ከአሜሪካ መንግሥት ጋር ተጨማሪ 3 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ግቡ መተማመን ነበር። መለኪያው መተማመኑን በላው።

የእንግሊዙ ኢኮኖሚስት ቻርልስ ጉድሃርት ተቀራራቢ ነገር እ.ኤ.አ. በ1975 ስለ ገንዘብ ፖሊሲ ሲጽፍ አንስቶት ነበር፤ ዛሬ በእሱ ስም «የጉድሃርት ሕግ» ይባላል። አንድ መለኪያ ራሱ ዒላማ ሲሆን መለኪያነቱ ይበላሻል የሚል ነው። ሰዎች ክፉ ስለሆኑ አይደለም። ሰው የሚቆጠርበትን ነገር ያበዛል።

ለዚህ የማውቀው ጥሩ መከላከያ መለኪያን ማጣመር ነው። የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹን ኢንቴልን የመራው አንዲ ግሮቭ ይህን ይመክር ነበር፤ ብዛትን የሚለካ ነገር ካለ ጎኑ ጥራትን የሚለካ ይቀመጥ ይላል። አንዱን ለማሳደግ ሌላውን ብታበላሽ ወዲያው ይታያል። ለእርስዎ ጥምሩ ግልጽ ነው፤ «የተዘጋ ሥራ» ከ«በ30 ቀን ውስጥ የተመለሰ ሥራ» ጋር ጎን ለጎን በአንድ ገጽ ይቀመጥ። የመጀመሪያውን ብቻ ለብቻው ለማንም አያሳዩ።

ስለ ቀሩት ኬፒአይዎች ብዙ አልልም። ለመሰረዝ ሥልጣን የለዎትም፤ ሪፖርቱን እንደተጠየቀው ያቅርቡ። ግን ቡድኑን በ14 መለኪያ መምራት አይቻልም። ለልጆቹ ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ይምረጡ። አንዱ ዘግይቶ የሚመጣ ውጤት ይሁን፤ የተመለሰ ሥራ። ሌላው ቀድሞ የሚታይ ሥራ ይሁን፤ ለምሳሌ ሦስቱ ጥያቄዎች ተጠይቀው የወጣ ጥሪ ከመቶ ስንት ነው የሚለው። ቀድሞ የሚታየው ዛሬ ማታ ይታወቃል። ዘግይቶ የሚመጣው ደግሞ ግምታችን ልክ መሆኑን ይነግረናል። ቀድሞ የሚታየው እየተሻሻለ ዘግይቶ የሚመጣው ካልተነቃነቀ ሰንሰለቱ ተበጥሷል ማለት ነው። ያኔ ልጆቹን «ጠንክሩ» ማለት አይጠቅምም፤ ወደ ካርዶቹ መመለስ ነው።

ድርጅታችሁ ቢኤስሲ (ባላንስድ ስኮርካርድ የሚባለውን የስትራቴጂ መለኪያ ዘዴ) ይጠቀም አይጠቀም አልነገሩኝም። 14 ኬፒአይ ስላሉ ሳይሆን አይቀርም ብዬ ገመትኩ። ከሆነ አንድ ነገር ልበል። ሮበርት ካፕላንና ዴቪድ ኖርተን ይህን ዘዴ ያቀረቡት እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። ዕይታዎቹ አራት ናቸው፤ ፋይናንስ፣ ደንበኛ፣ የውስጥ አሠራር፣ መማርና ዕድገት። በኋላ አጥብቀው የሠሩበት ነገር በአራቱ መካከል ያለው የምክንያትና ውጤት ቀስት ነው። ሠራተኛው ሲማር አሠራሩ ይሻሻላል፤ አሠራሩ ሲሻሻል ደንበኛው ይረካል፤ ደንበኛው ሲረካ ገንዘቡ ይመጣል። ብዙ መሥሪያ ቤት አራቱን ሣጥኖች ወስዶ ቀስቶቹን ተዋቸው። ሣጥኑ ሞልቷል፤ ግን ማን ማንን እንደሚያመጣ የሚያሳይ የለም። እርስዎ አሁን የሚሠሩት ሰንሰለት እነዚያን የተረሱ ቀስቶች መልሶ መሳል ነው። ለአለቃዎ በዚህ ቋንቋ ቢያስረዱት ቶሎ ይገባቸዋል።

የዕለት ሥራው ላይ እንዲያዝ ደግሞ ቋሚ ቦታ ያስፈልገዋል። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ልጆቹ ከመውጣታቸው በፊት፣ ቆማችሁ 15 ደቂቃ። ያለፈው ሳምንት ቁጥር ይነገር፤ የተመለሱት ካርዶች ጠረጴዛው ላይ ይቀመጡ፤ በዚህ ሳምንት የምንሞክረው አንድ ነገር ይወሰን። ሌላ አጀንዳ አይግባበት። የዕረፍት ፕሮግራምና የመኪና ነዳጅ ጉዳይ ሌላ ሰዓት ይፈለግለት፤ ከገባ እነሱ ሰዓቱን ይወስዱታል።

በዚህ ስብሰባ ላይ የሚያስፈራኝ አንድ ነገር ነው። ካርዱ ላይ የማን ስም እንዳለ ቀድሞ ከታየ ነገሩ አበቃ። በቶዮታ ፋብሪካዎች መስመር ላይ ያለ ሠራተኛ ችግር ሲያይ ገመድ ይስባል። ቡድን መሪው ወዲያው ይመጣል፤ ችግሩ በጊዜው ካልተፈታ መስመሩ ይቆማል። ገመዱን የሚስበው ሰው ሥራውን እንደሠራ ነው የሚቆጠረው። የእርስዎም ቴክኒሻን «ይህ ማሽን ተመልሶብኛል» ብሎ ሲጽፍ እንደዚያ መቆጠር አለበት። አንድ ጊዜ ሰው ፊት ከተቆጡት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ያንኑ ብልሽት «አዲስ ብልሽት» ብሎ ይጽፈዋል። ቁጥሩ ያምራል፤ እርስዎ ግን ማየት አቁመዋል።

ሌላ በግልጽ መነገር ያለበት ዋጋ አለ። አዲስ ሥራ ሲጨመር ጊዜ ከየት ይመጣል? መለዋወጫ ማታ መፈተሽና ለኦፕሬተር ማሳየት ለአንድ ቴክኒሻን በቀን ግማሽ ሰዓት ቢወስድ፣ ለዘጠኙ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ከአንድ ሰው የሥራ ቀን ግማሽ በላይ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የተዘጋ ሥራ ብዛት ይቀንሳል። ይህ የማይቀር ነው። ሳይነገር ከሆነ በመጀመሪያው ወር መጨረሻ ለምን ቀይ ሆነ ተብለው ይጠየቃሉ፤ ሁሉም ነገር ወደ ድሮው ይመለሳል። ቀድመው ይናገሩ።

ለአለቃዎ እንዴት እንደሚያቀርቡት ጃፓኖች ጥሩ ልማድ አላቸው። ሆሺን ካንሪ በሚባለው አሠራራቸው ግብ ከላይ ወደ ታች ብቻ አይወርድም። ላይ ያለው «ይህን እንፈልጋለን» ይላል፤ ታች ያለው «በዚህ መንገድ፣ በዚህ አቅም፣ ይህን ያህል ይቻላል» ብሎ ይመልሳል። እስኪስማሙ ድረስ ይመላለሳል። ኳስ መቀባበል ይሉታል። ድርጅትዎ ውስጥ ይህ ልማድ ባይኖርም ኳሷን መልሰው ለመወርወር ማንም አይከለክልዎትም። አንድ ገጽ ይበቃል፤ ሰንሰለቱ፣ የ100 ካርዶቹ ውጤት፣ መነሻው፣ ዒላማው፣ የሚጠፋው ሰዓት። የሚጠይቁትም አንድ ነገር ብቻ ይሁን፤ ለሦስት ወር «የተዘጋ ሥራ» ለብቻው እንዳይታይ። መለኪያው ይሰረዝ አይበሉ። ያወጣው ሰው አለ፤ ይከራከርለታል።

ቦነስን በተመለከተ ምክሬ ግልጽ ነው። አዲሱን መለኪያ ቢያንስ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት ከቦነስም ከዓመታዊ ምዘናም ጋር አያገናኙት። ፍቺው ገና አልረጋም፤ ግምቱም ገና አልተፈተነም። ገንዘብ ሲገባበት ሰው ስለ ማሽኑ ማውራት ትቶ ስለ አቆጣጠሩ ይከራከራል። የሰው ኃይል ክፍሉ ቸኩሎ ቢጠይቅዎት እንኳ ጊዜ ይለምኑ።

የመጨረሻው ነገር የጊዜ ጉዳይ ነው። ውል የሚታደሰው ሲያልቅ ነው። ሥራችሁ ዛሬ ቢሻሻል፣ ውሉ ከአሥር ወር በኋላ የሚያልቅ ደንበኛ ውሳኔውን የምታዩት ያኔ ነው። በዚህ መካከል «ይኸው ሠራን፣ ምን ተለወጠ?» የሚል ሰው ይመጣል፤ ምናልባትም ከራስዎ ልጆች አንዱ። ስለዚህ ከሽያጭ ክፍል በሚቀጥሉት ስድስት ወራት ውላቸው የሚያልቅ ደንበኞችን ዝርዝር ይጠይቁ። የእነሱን ማሽኖች ከ100 ካርዶቹ ጋር ያስተያዩ። ተደጋግሞ የተበላሸ ማሽን ያለው ደንበኛ ካለ፣ ጥሪ ሳይጠብቁ ቴክኒሻን ይላኩለት። ዝርዝሩን ስብሰባ የምታደርጉበት ግድግዳ ላይ ይስቀሉት፤ የውሉ ማብቂያ ቀን፣ የመጨረሻው ብልሽት ቀን፣ ያደሰ እንደሆነ ምልክት። ልጆቹ በየሳምንቱ ቆመው የሚያዩት እሱን ይሁን።